ቀልጦ በመርጋት ሙቀት የሚያስቀምጥ ጨው፡ ለጫጩት ሣጥንና ለእንጀራ ምጣድ ምን ያህል ይሠራል?



ባለፈው የዶሮ አያያዝ ሥልጠና ማብቂያ ላይ ከዓለም ባንክ ሰፈር የመጡ አንዲት አርቢ ጥያቄ አንስተው ነበር። ቀን የጣራው ቆርቆሮ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል፤ ሌሊት መብራት በጠፋ ጊዜ ግን ጫጩቶቻቸው በብርድ ያልቃሉ። የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ማስቀመጥ አይቻልም ወይ ነው ያሉት። ሰዓት አልቆ ስለነበር የሰጠኋቸው መልስ አጭር ነበር። ዘግይቶም ቢሆን የተሟላውን መልስ በዚህ ጽሑፍ አቀርባለሁ።

ማስቀመጥ ይቻላል። ሙቀት በውኃም፣ በድንጋይም፣ በዘይትም ይቀመጣል። በትንሽ ቦታ ብዙ ሙቀት መያዝ ሲፈለግ ግን የሚመረጠው ሲሞቅ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ነገር ነው። በዚህ ረገድ በዓለም ላይ ብዙ ከተደከመባቸው ነገሮች መካከል ጨዎች ይገኛሉ። በአገራችንም ተሞክረዋል፤ የማውቀው ሙከራ ግን ለጫጩት ሳይሆን ለእንጀራ ምጣድ የተደረገ ነው። ሁለቱንም እናያለን። ዓላማዬ ነገ ጨው ገዝታችሁ እንድትገቡበት አይደለም። ሒሳቡን ስትሠሩት አብዛኞቻችሁ በአንድ ጀሪካን ሙቅ ውኃ ልትብቃቁ እንደምትችሉ ታያላችሁ። ሻጭ ይዞላችሁ ሲመጣ ግን ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ማወቅ አለባችሁ።

ጨው ሲባል የወጥ ጨው ብቻ አይደለም

ከአፍዴራም ሆነ ከዳሎል የሚመጣው የወጥ ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። በዚህ ሙቀት የብረት ምጣድ እንኳ ፍም መስሎ ይቀላልና ለጓሮ ሥራ አይሆንም። በኬሚስትሪ ቋንቋ ግን ጨው የሚባለው ወገን ሰፊ ነው። ለከብት ሆድ ድርቀት የሚሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌት ጨው ነው። በአበባ እርሻዎች ከመስኖ ውኃ ጋር እየተቀላቀለ የሚሰጠው ፖታሲየም ናይትሬትም ጨው ነው። እያንዳንዱ የራሱ የመቅለጫ ሙቀት አለው፤ አንዳንዱ እጅ በሚችለው ሙቀት ይቀልጣል፣ ሌላው የእሳት ያህል ይፈልጋል።

ለእኛ ሥራ ቅርብ የሆኑት በውስጣቸው ውኃ ያዘሉ ጨዎች ናቸው። ሲታዩ ደረቅ ናቸው፣ እንደ ስኳር ቅንጣት ያብረቀርቃሉ። ነገር ግን ውኃው ከጨው ጋር ተሳስሮ በቅንጣቱ ውስጥ ተቀምጧል። ሲሞቁ ያ ውኃ ይለቀቅና ጨው በራሱ ውኃ ውስጥ ይሟሟል። እኛ መቅለጥ የምንለው ይህንኑ ነው።

ሙቀቱ የት ይደበቃል?

የእንስሳት ጤና ባለሙያ የፈንግል ክትባት ይዞ ሲመጣ የሚሸከመውን ሣጥን አይታችኋል። በውስጡ የበረዶ እሽግ አለ። የበረዶው ፍርፋሪ እስኪያልቅ ድረስ እሽጉ ከዜሮ ዲግሪ ብዙም አይርቅም፤ ከውጭ ሙቀት እየገባ እንኳ አይሞቅም። የሚገባው ሙቀት ሁሉ በረዶውን በማቅለጥ ያልቃል። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ያስፈልጋል። ይኸው ሙቀት አንድ ኪሎ ውኃን ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ ያደርሰዋል። ቴርሞ ሜትር ላይ የማይታየው ይህ ሙቀት ስውር ሙቀት ይባላል።

ጨውም እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ የሚቀልጥበት ሙቀት ከፍ ማለቱ ብቻ ነው። ቀን ስታሞቁት እየቀለጠ ሙቀት ይውጣል። ማታ ሲበርድ መልሶ ይረጋል፣ እየረጋም የዋጠውን ሙቀት ይመልሳል። ረግቶ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ለአርቢ ዋናው ጥቅም ይህ ነው። የሞቀ ድንጋይ ማታ ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ጨው ግን ከምሽት እስከ ንጋት ተቀራራቢ ሙቀት ይሰጣል።

የትኛው ጨው ለየትኛው ሥራ

ምርጫው በመቅለጫ ሙቀት ይወሰናል። ካልሲየም ክሎራይድ ውኃ ባዘለ መልኩ በ29 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ውኃ ያዘለው ሶዲየም ሰልፌት በ32 ዲግሪ ይቀልጣል። ሶዲየም አሲቴት ደግሞ በ58 ዲግሪ ይቀልጣል፣ በኪሎም 250 ኪሎ ጁል ያህል ይይዛል። የሶዲየምና የፖታሲየም ናይትሬቶች ግን ሲደባለቁ እንኳ 220 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰለት ይሄዳል። እንግዲህ በ32 ዲግሪ የሚቀልጠው ጨው ልክ ለጫጩት የተሠራ ይመስላል። አይደለም። ሙቀት የሚሄደው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ብቻ ነው። በ32 ዲግሪ ላይ ያለ ጨው፣ በዙሪያው ያለውን አየር 32 ላይ ሊያቆየው አይችልም፤ ሣጥኑ ሁልጊዜ ወደ ውጭ እያፈሰሰ ነውና። ማሞቂያው ከሚፈለገው ሙቀት ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህ ለጫጩት ሣጥን የሚቀርበው የ58 ዲግሪው ሶዲየም አሲቴት ነው፤ እሱም በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በወንፊት ሽቦ ተከልሎ። ጫጩት በቀጥታ ከነካው ያቃጥላታል።

የ29 እና የ32 ዲግሪዎቹ ጥቅም ሌላ ነው። በፕላስቲክ የተሸፈነ የችግኝ ቤት ወይም የእንጉዳይ ክፍል ቀን ከመጠን በላይ እንዳይሞቅ ሙቀቱን ይውጡለታል፣ ማታ ይመልሱለታል። ለጊዜው ይህን በዚሁ እንለፈው።

የኮልፌ ሌሊት ስንት ሙቀት ይፈልጋል?

የእኛ ክፍለ ከተማ ደጋማ ነው። ከገፈርሳ በኩል ለሚመጣው ንፋስ የተጋለጣችሁ አርቢዎች ደግሞ ታውቁታላችሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። ከ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወዲህ በየግቢው ጫጩት የሚያሳድግ ሰው በዝቷል፤ ብዙው የሚጠቀመው አምፖል ነው። አንድ ሌሊት ብቻ መብራት ቢጠፋ ጫጩቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ተከምረው፣ ከታች ያሉት ታፍነው ይሞታሉ። ያን ፈርተው የከሰል ማንደጃ የሚያስገቡ አሉ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚያመነጨው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጫጩቱንም፣ ለማየት የገባውን ሰውም ይገድላል። ጉዳዩን ችላ ማለት የማይቻለው ስለዚህ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ለ50 ጫጩት የሚሆን፣ ግድግዳው መካከል ጭድ የታጨቀበት ጥሩ ሣጥን አለ እንበል። ከጫጩቶቹ የራሳቸው ሙቀት በተጨማሪ ሌሊቱን 30 ዋት ቢፈልግ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1,300 ኪሎ ጁል ገደማ ይሆናል።

አንድ ሊትር ውኃ ከ60 ወደ 40 ዲግሪ ሲወርድ 84 ኪሎ ጁል ይሰጣል። ስለዚህ 16 ሊትር ገደማ ሙቅ ውኃ፣ ማለትም ያልሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሌሊቱን ያሳድራል። ሶዲየም አሲቴት በዚያው ከ60 ወደ 40 መውረድ፣ የስውሩ ሙቀት ተጨምሮበት፣ በኪሎ 300 ኪሎ ጁል ያህል ይሰጣል። ስለዚህ አራት ኪሎ ተኩል ገደማ ይበቃል። በክብደት ሲታይ ጨው ውኃን ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ይበልጠዋል።

ያው ሣጥን ጭድ ባይኖረው፣ በተራ ጣውላ ብቻ ቢሠራና 90 ዋት ቢያፈስስ ግን ውኃው 46 ሊትር፣ ጨው 13 ኪሎ ይሆናል። አያችሁት? ጭዱ ከጨው ይበልጣል። ለጭድ የምታወጡት ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ብዙዎቻችሁማ ከራሳችሁ ከብት በረት ታገኙታላችሁ። የጭድ ሣጥን ጫጩት ማሳደጊያ በአገራችን በምርምር የተፈተነ፣ ያለ መብራትና ያለ ከሰል ጫጩቶቹን በራሳቸው ሙቀት ለማሳደግ የተሠራ ዘዴ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፡ መጀመሪያ ሣጥኑ፣ ቀጥሎ የውኃ ጀሪካኑ፣ ቦታ ካነሰ ወይም ውኃው ንጋት ላይ እየበረደ ካስቸገረ ብቻ ጨው። ሣጥኑን ስትደፍኑ የአየር መውጫ ቀዳዳ አትርሱ፤ ከጉዝጓዙ የሚወጣው አሞኒያ ዓይናቸውን ያጠፋል።

አንድ ጥያቄ ከዚህ ይከተላል፡ ጨውን ቀን በምን እናቀልጠዋለን? በበጋ ጥቁር የተቀባ ቆርቆሮ ሣጥን በመስታወት ተከድኖ ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ ከ60 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። በክረምት ፀሐይ ስለማይታመን መብራት ባለበት ሰዓት እሽጉን በሙቅ ውኃ ድስት ውስጥ መንከር ነው። አምስት ኪሎውን ከ20 ዲግሪ አንስቶ ሙሉ በሙሉ ለማቅለጥ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይበቃል። እንደተቆራረሰ ሳይቀልጥ ቀርቶ ወደ ሣጥን ከገባ ግን ያልቀለጠው ክፍል ምንም ሙቀት አላስቀመጠም።

የራሴ ስህተት፣ የዶቨር ቤትና እርሾው

ነገሩን በወረቀት ብቻ እንዳላወቅሁት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለማሳያ አምስት ኪሎ ሶዲየም አሲቴት ገዝቼ፣ በጀሪካን አቅልጬ፣ በአንድ አርቢ ጫጩት ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። የመጀመሪያው ሌሊት መልካም ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ግን የአርቢው ልጅ ስልክ ደወለችልኝ። ጀሪካኑ ቀዝቅዟል፣ ጫጩቶቹ ይጮኻሉ። ሄጄ ስከፍተው ጨው አልረጋም፤ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ እንደ ውኃ ይንቀሳቀሳል። በ58 መርጋት ሲገባው አልፎት ወርዷል፤ ሳይረጋ ደግሞ ስውር ሙቀቱን አይሰጥም። በእንጨት ስነካካው በዓይናችን ፊት በአንድ አፍታ ነጭ ሆኖ ረጋ፣ ጀሪካኑም ሞቀ። ልጅቷ በመገረም እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ግን ስድስት ጫጩት ስለሞተባቸው አፍሬ ነበር። አምፖሉን አስነቅዬ በዚያ ብቻ እንዲተማመኑ ያደረግሁት እኔ ነኝና።

ችግሩ አዲስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ዶቨር በምትባል ከተማ፣ ማሪያ ቴልክስ የተባሉ በሃንጋሪ የተወለዱ ሳይንቲስት በፀሐይ ብቻ የሚሞቅ ቤት አሠርተው ነበር። ሙቀት ማስቀመጫው በበርሜሎች የተሞላ 20 ቶን ያህል ሶዲየም ሰልፌት ነበር። ቤቱ በመጀመሪያዎቹ ክረምቶች ሰዎቹን አሙቋል። በሦስተኛው ክረምት ግን ጨው ሥራውን እየተወ ሄደ። ምክንያቱ ከተለቀቀው ውኃ ውስጥ ሳይሟሟ የቀረው ጨው ክብደት ስላለው እንደ ጠላ አተላ ታች መዝቀጡ ነው። ታች ደረቅ ጨው፣ ላይ ፈሳሽ ሲሆን ሁለቱ ተመልሰው አይገናኙም፤ በየዙሩም የሚረጋው መጠን እያነሰ ይሄዳል።

እንግዲህ ጨው ላይ የሚደረገው የልማት ሥራ በአብዛኛው የሚያተኩረው በሁለቱ ችግሮች ላይ ነው፡ አልረጋም ማለትና መዝቀጥ። ለመጀመሪያው መፍትሔው እርሾ ነው። ወተት ያለ እርሾ ቶሎ እንደማይረጋ ሁሉ፣ ጨውም መርጊያ የሚጀምርበት ጥንስስ ይፈልጋል። ቴልክስ ለሶዲየም ሰልፌት ቦራክስ የሚባለው ውሕድ በጥቂቱ ሲጨመር ጥንስስ እንደሚሆን አግኝተዋል። ለሶዲየም አሲቴት ደግሞ አንድ የሶዲየም ፎስፌት ዓይነት ይጨመራል። ሌላው መንገድ የጨውን ጥቂት ክፍል ፈጽሞ እንዳይቀልጥ አድርጎ ማቆየት ነው፤ ከጀሪካኑ የወጣና የቀዘቀዘ ጫፍ ከተተወ፣ በዚያ የቀረው ቅንጣት ለቀጣዩ ሌሊት እርሾ ይሆናል። ለመዝቀጡ መፍትሔው ማወፈር ነው። አጥሚት ውስጥ ዱቄቱ እንደማይዘቅጥ፣ ጨው ውስጥም ሲሟሟ የሚያወፍር ነገር ይጨመርና ደረቁ ቅንጣት ተንጠልጥሎ ይቀራል። ዕቃውን ከጥልቅ በርሜል ይልቅ ጠፍጣፋ ማድረግም ይረዳል፤ ዝቃጩ ከላዩ ፈሳሽ ብዙ አይርቅምና።

እርሾና ማወፈሪያ የሌለው ጨው አሥር ሌሊት ቢሠራ መቶኛው ላይ ላይሠራ ይችላል። በገበያ ላይ ጥሩ የሚባለው ምርት በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ቀልጦና ረግቶ የተፈተነ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ሶዲየም አሲቴትን ከአቼቶና ከመጋገሪያ ሶዳ ቤት ውስጥ መሥራት እንደሚቻል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይቻላል። ግን አንድ ኪሎ ለማግኘት 9 ሊትር ገደማ አቼቶና ከ600 ግራም በላይ ሶዳ ይጠይቃል፤ ያን ሁሉ ውኃ አፍልቶ ማትነኑ ደግሞ ጨው በብዙ ሌሊት የሚመልሰውን ሙቀት ይበላል። ለትምህርት ቤት ሙከራ ይሁን።

ዕቃው ምን ይሁን? ሶዲየም አሲቴት በወፍራም የጀሪካን ፕላስቲክ ውስጥ ይኖራል፤ ክዳኑ ግን በደንብ የተዘጋ መሆን አለበት፤ ውኃው ከተነነ ጨው ያረጃል። ካልሲየም ክሎራይድ ብረትንና አሉሚኒየምን ስለሚበላ ፈጽሞ በቆርቆሮ አታስቀምጡት። ጨው ሲቀልጥ መጠኑ ይጨምራል፤ ስለዚህ ዕቃው እስከ አፉ አይሞላም። ከታች ብቻ ከተሞቀ ታች የቀለጠው መሄጃ አጥቶ የላዩን ደረቅ ቅርፊት ይገፋል፣ ዕቃውንም ይሰነጥቃል። ከጎን ወይም ዙሪያውን አሙቁት።

በመቐለ የተሞከረው የእንጀራ ምጣድ

የእንጀራ ጉዳይ ከጫጩት ይከብዳል። እንጀራ ለመጋገር ምጣዱ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ይፈልጋል። ፀሐይ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ወይም ማታ አትገኝም፤ እናቶቻችን ቀትር ላይ ግቢ ወጥተው በመስታወት ነጸብራቅ እንዲጋግሩ ማድረግም አይሆንም። የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አስፋፋው ኃይለሥላሴና ሙሉ ባይራይ፣ ከኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ኦሌ ኒዳል ጋር ሆነው ይህን ለመፍታት ሠርተዋል፤ ውጤታቸውም እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። መንገዱ እንዲህ ነው። እንደ ሳህን የጎደጎደ መስታወት የፀሐይ ብርሃንን አንድ ቦታ ላይ ይሰበስባል። እዚያ ውኃ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ ያለ ፓምፕ በራሱ በቧንቧ ወደ ውስጥ ይመጣና የሶዲየም ናይትሬትና የፖታሲየም ናይትሬት ድብልቅን ያቀልጣል። ድብልቁ የሚቀልጠው በ220 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም ልክ ምጣዱ በሚፈልገው ሙቀት ላይ ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ ሙቀቱ ከጨው ወደ ምጣድ ይወጣል።

ለብቻቸው ቢሆኑ ሶዲየም ናይትሬት ከ300 ዲግሪ በላይ፣ ፖታሲየም ናይትሬት 334 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ሲቀላቀሉ የሁለቱም መቅለጫ ይወርዳል። የጨው ልማት አንዱ ጥበብ ይህ ነው፤ ቅልቅሉን በመለዋወጥ የሚፈለገውን ሙቀት ማግኘት።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በፀሐይ የሞቀ ዘይት ወደ ቤት ውስጥ ምጣድ የሚያመጣ ሥራ ተሠርቷል፤ ሐሳቡ ተቀራራቢ ነው።

ታዲያ ለምን በየቤታችን አልገባም? ሁለት ነገር ልጥቀስ። የመጀመሪያው ክብደት ነው። የናይትሬቱ ድብልቅ በኪሎ የሚይዘው ስውር ሙቀት 100 ኪሎ ጁል ገደማ፣ ከሶዲየም አሲቴት ግማሽ በታች ነው። 3,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ 12,600 ኪሎ ጁል ይወስዳል። ይህን በስውር ሙቀት ብቻ ለመተካት ከ120 ኪሎ ያላነሰ ጨው ያስፈልጋል። በደንብ የተሸፈነ ምጣድ ከዚህ ባነሰ ይጋግራል፤ ያም ሆኖ ዕቃው በአንድ ሰው ጉልበት የሚነሳ አይሆንም። ሁለተኛው ግፊት ነው። በ250 ዲግሪ ያለ እንፋሎት 40 ባር ያህል ግፊት አለው፤ የከባድ መኪና ጎማ ግፊት 8 ባር አካባቢ ነው። ይህን ቧንቧ የሰፈር በያጅ ሊሠራው አይገባም።

በቴሌቪዥን የምታዩዋቸው ትልልቅ የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎች ግን ከዚህ ይለያሉ። ለምሳሌ በስፔን እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረው ጄማሶላር ፀሐይ ከገባች በኋላ 15 ሰዓት የሚያስኬድ ሙቀት በናይትሬት ጨው ያስቀምጣል። እዚያ ጨው ጭራሽ አይረጋም፤ ከ290 እስከ 565 ዲግሪ ባለው መካከል ፈሳሽ ሆኖ ከአንድ ታንከር ወደ ሌላ ይሄዳል። ያ ሙቀት እንደ ሞቀ ውኃ ያለ እንጂ ስውር ሙቀት አይደለም። ሻጭ ያንን ምሳሌ አድርጎ ቢያቀርብላችሁ ነገሩ ሌላ መሆኑን እወቁ።

ማዳበሪያ አታቅልጡ

ፖታሲየም ናይትሬት ማዳበሪያ ነው ካልኩ በኋላ ይህን ማስጠንቀቂያ ካላስከተልኩ ጥፋተኛ እሆናለሁ። መጋዘናችሁ ያለው ዩሪያም ሆነ ኤንፒኤስ የሙቀት ማስቀመጫ አይደለም። ዩሪያ በ133 ዲግሪ ሲቀልጥ አብሮ ይበሰብስና መርዛማ ጋዝ ያወጣል። አሞኒየም ናይትሬት ያለበት ማዳበሪያ ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል። ንጹሕ ሶዲየምና ፖታሲየም ናይትሬት እንኳ በቀለጡበት ጊዜ ከከሰል ዱቄት፣ ከጭድ፣ ከሰጋቱራ ወይም ከዘይት ጋር ከተገናኙ እሳቱን ያጋግላሉ፤ አየር ባይኖር እንኳ ከራሳቸው ኦክስጅን እየሰጡ ያነዱታል። በቀለጠ ናይትሬት ላይ ውኃ ጠብ ቢል በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የጋለውን ጨው በፊትና በዓይን ላይ ይረጫል። ስለዚህ የናይትሬት ሥራ ለዩኒቨርሲቲና ለፋብሪካ ይተው። በጫጩት ቤት፣ ዙሪያው ጭድና ጉዝጓዝ በሆነበት ቦታ፣ ጨርሶ አይግባ።

ሻጭ ሲመጣ የሚጠየቀው

በቅድሚያ በስንት ዲግሪ ይቀልጣል፣ በኪሎስ ስንት ኪሎ ጁል ይይዛል በሉ። ቁጥሩን የማያውቅ ሻጭ ዕቃውን አያውቀውም። ቀጥሎ ስንት ጊዜ ቀልጦና ረግቶ እንደተፈተነ፣ መርጊያ ጥንስስ እንዳለው ጠይቁ። ከዚያም ራሳችሁ ፈትኑት። እሽጉን በሙቅ ውኃ ሙሉ በሙሉ አቅልጡ፣ በጆንያ ጠቅልላችሁ ጫጩት በሌለበት ሣጥን አስቀምጡ፣ ቴርሞ ሜትሩን ከእሽጉ ጋር አስጠግታችሁ በየሰዓቱ መዝግቡ። ጤነኛ ጨው ሙቀቱ ከወረደ በኋላ በመቅለጫው ሙቀት አካባቢ ለሰዓታት ይቆማል። ሳይቆም ቁልቁል ከወረደ አልረጋም ማለት ነው፤ ገንዘባችሁን አታውጡ። ይህን ቢያንስ ለአሥር ሌሊት ደጋግሙ፤ የእኔ ጀሪካን የከዳኝ በሦስተኛው ሌሊት መሆኑን አስታውሱ። ጫጩት ባስገባችሁበት የመጀመሪያ ሳምንት ደግሞ አምፖሉን ወይም ሁለተኛ የውኃ ጀሪካን ሳታዘጋጁ አትተኙ።

በሚቀጥለው ሥልጠና የሣጥናችሁን የአንድ ሌሊት መዝገብ ይዛችሁ ኑ፤ የውጭውን ሙቀት፣ የውስጡን ሙቀት፣ የጫጩቶቹን ቁጥርና የግድግዳውን ውፍረት የያዘ ይሁን። ከመዝገቡ ሣጥናችሁ ስንት ዋት እንደሚያፈስስ አብረን እናወጣለን፤ ስንት ሊትር ውኃ ወይም ስንት ኪሎ ጨው እንደሚበቃውም በዚያው እንሠራለን። ቴርሞ ሜትር የሌላችሁ በየወረዳችሁ ካሉት የልማት ሠራተኞች ተውሳችሁ መጠቀም ትችላላችሁ።